ሞተሩን አትቀስቅሰው

አሮጌ ናት ቶዮታዬ፣ ሦስት መቶ ሺህ የሮጠች፤
ሁለት ልብ ናት፣ ከመብራትም ከቤንዚንም የተዳቀለች።
ግን መብራቷ ከቤንዚኑ ፍርፋሪ የሚለቀም ነው፤
አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይገፋል፣ ከዚያ ወዲያ ጉልበት የለው።

ማንያዘዋል፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ታንክ ሲጠግን ሦስት ዓመት የኖረ፣
"አጎቴ፣ ይቺን እኮ ከግድግዳ ማጥባት ይቻላል" ብሎ ጀመረ።
ትርፍ ጎማዋን አወጣ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሣጥን አኖረ፣
ሣጥኑ ውስጥ ባትሪ ደርድሮ ሽቦ ከሽቦ አሰረ፣
ብርቱካንማ ገመድ ስቦ ከመቀመጫው ሥር አሻገረ፤
እጁን በሱሪው ጠርጎ
"አርባ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል" ሲል ተናገረ።

ትርንጎ ሣጥኑን አየችና "ዋጋው?" አለች። ነገርኳት። ዝም።
ዝምታዋ ከሣጥኑ ይከብዳል፤ ሒሳቡን ግን አትስትም።

ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ገመድ ለቀቅሁ እስከ ታች፤
ሉድሚላ በመስኮቷ ብቅ ብላ በሩስኛ ተቆጣች፣
በዕብራይስጥ ደገመችው፣ ለሕንፃው ኮሚቴ ልትከስ ዛተች፤
በሦስተኛው ቀን ግን አየሁ፣
ካልሲዎቿን በገመዴ ላይ አስጥታለች።

ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገመዱን እጠቀልላለሁ፤
እሷም ሰንበቷን ትረፍ፤
ቅዳሜ ማታ ኮከብ ሲወጣ አጠጣታለሁ።

ሥራዬ ዮቅነዓም ነው፣ ሌሊት የፋብሪካ በር መጠበቅ።
ከአፉላ ሃያ ሁለት መሄጃ፣ ሃያ ሁለት መመለሻ፣
አርባ አራት።
ባትሪው አርባ።
አራቷ ናት እንቅልፌን የነሣችኝ።

አርባ ላይ፣ የሱፍ እርሻው ጋ፣ ሞተሩ ብድግ ይላል፤
ያለ ሰዓቱ እንደ ተቀሰቀሰ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
ቤንዚን ሲጎነጭ ሳንቲሙ በጆሮዬ ያልፋል።

ስለዚህ መንዳት ተማርኩ እንደ አዲስ፣ በእርጅናዬ፤
ፔዳሉን እንደ እንቁላል እረግጣለሁ፣ እንዳይሰበር በጫማዬ።
መጊዶ መገናኛ ቀዩን መብራት ከሩቅ ሳይ እግሬን አነሣለሁ፣
በገዛ ክብደቷ እንድትንሸራተት እተዋታለሁ፤
ፍሬን ስነካ የባከነው ተመልሶ ባትሪው ይገባል፣
ከኋላዬ ያለው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ይነፋል።
ይንፋ።
ማቀዝቀዣ በነሐሴም ጠፍቷል፣ መስኮቱም ዝግ ነው፤
ላብ ቤንዚን አይደል፣ በነፃ ነው የሚፈስሰው።

ደብተር አለኝ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር።
በመቶው አምስት ተኩል የነበረው
ከአንድ በታች ወርዷል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።
አራቷ ግን አለች።

አንድ የኅዳር ሌሊት ነፋሱ ከኋላ፣ ከቀርሜሎስ ገፋኝ።
አርባ አለፈ። አርባ አንድ። ሞተሩ ተኝቷል። አርባ ሁለት፤
ትንፋሼን ያዝኩ፣ ያንቀላፋ ሕፃን እንደ ተሸከመ አባት።
አርባ ሦስት፤ የአፉላ መብራቶች፣ የተዘጋው ፈላፍል ቤት፤
አርባ አራት።
ቆምኩ። ሙሉ ሌሊት፣ አንድ ጠብታ ያልወጣበት።

ልንገራት ብዬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ፤
ትርንጎን ኮሪደሩ ላይ፣ በጨለማ፣ መጥበሻ አንሥታ አገኘኋት።

"ሌባ መስለኸኝ እኮ!"
መጥበሻው ወረደ፣ እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።
"ከሱባሩህ ጊዜ ጀምሮ፣ ጥግ ላይ ሲያጓራ እሰማና
'መጣ' ብዬ ዞር እላለሁ፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ ያኔ ነው ገና።
ዛሬ ድምፅ የለም። ጆሮዬ መንገድ ላይ ቆሞ አደረ።
እስቲ ይኼንንም በደብተርህ ጻፈው።"

ደብተሩን ገለጥኩ። ቀን አለ፣ ኪሎ ሜትር አለ፣ ሊትር አለ።
ለጆሮ የሚሆን ዓምድ አላሰመርኩም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ፣ ማንያዘዋል ባይሰማ፦
ጥጉን ስዞር፣ የሉድሚላ ካልሲ ሲነጣ በጨለማ፣
ያቺን እንቁላል አንዴ በሙሉ እግሬ እረግጣታለሁ።
ሞተሩ ያጓራል።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ አልጋ ሲንቋቋ የሰማሁ ይመስለኛል፤
አጠፋለሁ።

አንድ ማንኪያ ቤንዚን ናት።
አልጽፋትም።